በመንገድ ፋይናንስ ልቆይ ወይስ ልውጣ? የሠራችሁበት ንገሩኝ

የሰኔ ሒሳብ (ክሩን የከፈተች)
ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የክልል መንገድ መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ባለሙያ ነኝ። በአካውንቲንግ ተመርቄ የተቀጠርኩት እዚሁ ነው፤ ከጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛነት ተነሥቼ ከፍተኛ ባለሙያ ደርሻለሁ። ሰሞኑን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መጣና ግራ ገባኝ። የክፍያና ሒሳብ ቡድን መሪነት ቦታ ክፍት ሆኖ ተወዳደሪ ተብያለሁ። በሌላ በኩል አንድ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ ላድርግሽ ብሎኛል፤ ደመወዙ ከአሁኑ ጋር አይወዳደርም።

እናቴ ከመንግሥት ቤት እንዳልወጣ ትፈልጋለች። ባልደረቦቼ ደግሞ ቡድን መሪነት የሚጨምረው ፊርማና ተጠያቂነት ብቻ ነው ይሉኛል። እኔን ከገንዘቡም በላይ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰነድ አገላብጣለሁ፣ የበጀት ኮድ እሰጣለሁ፣ ክፍያ አዘጋጃለሁ። ገንዘቡ የሄደበትን መንገድ ግን አላየሁትም። በዚህ ሥራ ሰው አሥርና ሃያ ዓመት ቆይቶ ምን ይሆናል? ምን አውቆ ይወጣል? በመንገድ፣ በባቡር ወይም በትራንስፖርት ቢሮ ፋይናንስ የሠራችሁ፣ ከእነሱ ጋርም የተገናኛችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጥቁር እንግዳ
ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 3፡05

ውጪ እህቴ። ከመስከረም 2018 ወዲህ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል፤ አንቺ ከዚያ ትንሽ ከፍ ትያለሽ እንበል። የቤት ኪራዩንና የጤፉን ዋጋ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ዕድሜሽ ሳይሄድ ውጪ።

ጠጠርና ሬንጅ
ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 1፡20

«ገንዘቡ የሄደበትን መንገድ አላየሁትም» ያልሽው ላይ ልናገር። ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነኝ፤ ሳይት ላይ ነው የኖርኩት። መንገድ ሲዘገይ ሕዝቡ ወይ መሐንዲሱን ወይ ሥራ ተቋራጩን ይወቅሳል። የፋይናንስ ክፍሉን ስም የሚያነሣ የለም። እኔ ግን ካየኋቸው መጓተቶች አብዛኞቹ የተወለዱት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ በሌብነት ሳይሆን የሥራውን ወቅት ባለማወቅ።

በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፤ በአብዛኛው አገር አፈር ቆርጠሽ፣ ሞልተሽ፣ ጠቅጥቀሽ የምትሠሪበት ጊዜ አይደለም። መሬቱ የሚጨበጠው ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ሲሆን እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው የእኛ ዓመት። የበልግ ዝናብ ባለበት አካባቢ ደግሞ ይህም ያጥራል። አሁን በጀቱን ለ12 ወር እኩል አካፍሎ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ዕቅድ የሚልክ ባለሙያ አስቢ። በሐምሌ የማይሠራበት ገንዘብ ተይዟል፤ በጥርና በየካቲት ማሽን ሁሉ ሲንቀሳቀስ፣ የነዳጅና የሬንጅ ሒሳብ ሲቆለል፣ ገንዘብ የለም። ከዚያ ሰኔ ይመጣል። በጀቱ እንዳይመለስ ሁሉም ይሯሯጣል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በዚያ ወር የተፈረመ ክፍያ ነው በሚቀጥለው ዓመት ኦዲት ሲያስነሣ የምናየው።

ጥገና ላይ ደግሞ ይብሳል። ዲች (የመንገድ ዳር ቦይ) የሚጠረገው፣ ቱቦ የሚከፈተው፣ ጉድጓድ የሚደፈነው ዝናብ ሳይገባ ነው። ጨረታው በጥር ወጥቶ ውሉ በግንቦት ከተፈረመ ያ ሥራ ለዚያ ዓመት ሞቷል። ውሃው መውጫ አጥቶ በአስፋልቱ ሥር ይገባል፤ በመስከረም የምታገኚው ጥገና የሚያድነው መንገድ አይደለም።

ይህን የሚያውቅ የፋይናንስ ሰው በሥራ ዘመኔ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ነው። አንዷ በነሐሴ መጨረሻ ራሷ ትደውልልኝ ነበር፦ «በጥቅምት ስንት ኪሎ ሜትር ሰብ ቤዝ (ከአስፋልቱ ሥር የሚነጠፈውን የጠጠር ንጣፍ) ታለብሳላችሁ?» ትላለች። በነገርኳት ልክ ገንዘብ ትጠይቃለች። እሷ በነበረችበት ፕሮጀክት ክፍያ አጥቶ የቆመ ማሽን አላየሁም። በዚህ ሥራ ሰው ቆይቶ ምን ይሆናል ብለሽ ከጠየቅሽ፣ እንደሷ መሆን ይቻላል።

አለምገና
ኅዳር 9፣ ከቀኑ 7፡50

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የዚሁ ሙያ ሰው ነኝ። ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ ያኔ ሰው ሁሉ መሥሪያ ቤቱን በድሮ ስሙ «አውራ ጎዳና» ነበር የሚለው። የመጀመሪያ ሥራዬ ከፋይነት ነበር። የደመወዝ ገንዘብ በሣጥን ተቆልፎ፣ ከጠባቂ ጋር በላንድሮቨር ካምፕ ለካምፕ ይዞራል። የቀን ሠራተኛው ተሰልፎ ስሙ ይጠራል፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ ሊስቱ ላይ ያትማል፣ ብሩን ይቆጥራል። ከሊስቱ ላይ የሌለ ሰው ቢሰለፍ፣ ያለም ሰው ቢቀር፣ ለምን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ሒሳብ ማለት ሰው መሆኑን የተማርኩት እዚያ ነው። አንቺ መንገዱን አላየሁም ማለትሽ ስለዚህ አሳዘነኝ። የዛሬው ሥራ ኮምፒዩተር ላይ ስለተሰበሰበ ሰዉ ከገንዘቡ ተለይቷል።

ከየት እንደመጣን ማወቅም ይጠቅምሻል። ጣሊያን ጥሎት የሄደው መንገድ ጠጋኝ አጥቶ እየፈረሰ ሳለ፣ በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ። ባንኩ ለአፍሪካ አገር ብድር ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ አስተዳደሩንም ለዓመታት የመሩት ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ለመንገድ ብቻ የቆመ፣ የራሱ ሒሳብ ያለው መሥሪያ ቤት የተፈለገው ብድሩ በሌላ ወጪ ውስጥ እንዳይሰምጥ ነው። ስለዚህ የመንገድ ፋይናንስ ሠራተኛ በእኛ አገር ከመሐንዲሱ እኩል የተወለደ ሙያተኛ ነው፤ ተከትሎ የመጣ አይደለም።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ የጥገና ገንዘብ ታሪክ ነው። በጦርነቱ ዘመን በጀት ሲጠብብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ጥገና ነበር፤ ያልተጠገነ መንገድ ወዲያው አይጮህምና። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር አገሪቱ የነበራት መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ውስጥ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለው 22 በመቶ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ። ከነዳጅ ሽያጭ በሊትር የሚቆረጥ፣ በየዓመቱ የተሽከርካሪ ፈቃድ ሲታደስ የሚከፈል፣ ከልክ በላይ ከጫነ መኪና የሚሰበሰብ ቅጣት፣ ሁሉም ለጥገና እንዲውል ተለየ። ለፌዴራል፣ ለክልልና ለከተማ መንገዶች የሚከፋፈለው ገንዘብ ይህ ነው። የአንቺም መሥሪያ ቤት ድርሻውን ከዚያ ይቀበላል፤ አይተሽው ይሆናል፣ ግን ለምን እንደተለየ የነገረሽ ሰው የለም መሰለኝ።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የልማት ሪፖርት በአፍሪካ 12 ቢሊዮን ዶላር በጊዜው ለጥገና ቢወጣ ኖሮ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ይቀር ነበር ብሏል። ይህን ቁጥር ስሰማ የታዘብኩት አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ሁሉ አገር፣ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ የጥገናው መስመር ሲቆረጥ «አይሆንም» ብሎ በጽሑፍ የሚያስረዳ የፋይናንስ ሰው ጠፍቶ ነበር።

የሰኔ ሒሳብ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1፡30

አባባ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የመንገድ ፈንዱን ድርሻ በየሩብ ዓመቱ እመዘግበዋለሁ፤ ከየት ተቆርጦ እንደሚመጣ ግን እንዲህ የነገረኝ የለም። @ጠጠርና ሬንጅ፣ ስለ ወቅቱ ያልከው ልቤን ነካው፤ የእኛም ዕቅድ ለ12 የተካፈለ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ቡድን መሪ ብሆን ዕቅዱን የመቀየር ሥልጣን ይኖረኛል ወይስ የበላይ ነው የሚወስነው?

ጠጠርና ሬንጅ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡10

ረቂቁን የምታዘጋጂው አንቺ ነሽ። የበላይ የሚያየው አንቺ ያቀረብሽውን ነው፤ በምክንያት የተደገፈ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል።

ከዚያኛው ወገን
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3፡15

አንቺ የተጠራሽበት ቦታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ከመንግሥት ወጥቼ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ የፋይናንስ ኃላፊ ሆኛለሁ። ደመወዙ እውነት ነው፤ ቤተሰቤን በዚያ አሳድጌያለሁ፣ አልጸጸትም። ግን የምትገቢበትን እወቂው።

እኛ ዘንድ ዋናው ሥራ ሒሳብ መያዝ አይደለም፤ ክፍያ እስኪመጣ ድረስ መተንፈስ ነው። ሥራው ተለክቶ፣ አማካሪው (ሥራውን ለአሠሪው የሚቆጣጠረው መሐንዲስ) የክፍያ ሰርተፊኬቱን፣ ማለት ለተሠራው ይህን ያህል ይከፈል የሚለውን ሰነድ፣ አጽድቆ፣ ወደ አሠሪው መሥሪያ ቤት ይገባል። በፊዲክ (ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ናሙና) መሠረት አሠሪው አማካሪው ሰነዱን ከተቀበለ በ56 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ካልከፈለ ወለድ ይቆጠራል፤ ከዚያም ሥራ ተቋራጩ አስጠንቅቆ ሥራ ማቀዝቀዝ ወይም ማቆም ይችላል። እስቲ ለምሳሌ አስቢው፦ የ40 ሚሊዮን ብር ሰርተፊኬት 5 ወር ዘገየ፣ የወለዱ መጠንም በዓመት 12 በመቶ ነው። 2 ሚሊዮን ብር ያለ አንዲት አካፋ አፈር ወጣ ማለት ነው። አሠሪው ወለዱን አልከፍልም ቢል እንኳ በክሌም (በካሳ ጥያቄ) መልክ ይመጣል፣ ወይም ተቋራጩ በሚቀጥለው ጨረታ ዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ይጨምረዋል። ሰርተፊኬት ጠረጴዛው ላይ የሚያሳድር ባለሙያ ሰርቆ አያውቅ ይሆናል፤ ለአገሪቱ ግን ከሌባ ያልተናነሰ ወጪ ያመጣል።

እዚህ ላይ ነው የሚያሳስበኝ። አንዳንድ ተቋራጭ ከመንግሥት ቤት ሰው የሚወስደው ሙያውን ፈልጎ ነው። አንዳንዱ ግን የሚፈልገው በሩን ነው፤ ሰነዱ ማን ጋ እንደተቀመጠ የምታውቂ፣ ለቀድሞ ባልደረቦችሽ ደውለሽ የምታስወጪ እንድትሆኚለት። ድርጅቱ ከአንቺ መሥሪያ ቤት ጋር ውል ካለው፣ ሳትፈርሚ ጠይቂ። «እኔ ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቴ ስለ ክፍያ አልደውልም፣ በደብዳቤ ብቻ ነው የምገናኘው» በያቸው። ፊታቸው ከተቀየረ መልሱን አግኝተሻል። አሁን የእነሱን ሰነድ የምታዪ ከሆነ ደግሞ ጥያቄውን ዛሬውኑ ለኃላፊሽ አሳውቂ፣ ከፋይሎቻቸውም ራስሽን አግልይ።

ጥቁር እንግዳ
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3፡40

ይህ የመጨረሻው ምክር ትክክል ነው። እኔም ውጪ ስል እንደዚህ ዓይነቱን ማለቴ አልነበረም።

ቀይ ብዕር
ኅዳር 10፣ ከቀኑ 9፡00

ኦዲተር ነኝ። ባልደረቦችሽ «ተጠያቂነት ብቻ ነው የሚጨምረው» ያሉሽን በቀላሉ አትለፊው፤ ተጠያቂነቱ የምር ነው። በፌዴራል ደረጃ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 አለ፣ ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበውን ሪፖርት ከሰማሽ ደጋግመው የሚመጡትን ታውቂያቸዋለሽ፦ በወቅቱ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያና ተሰብሳቢ፣ ማስረጃ ያልተሟላለት ወጪ፣ ከተፈቀደ በጀት በላይ የወጣ ገንዘብ።

መንገድ ላይ ልዩ የሚሆነው ቅድመ ክፍያው ነው። ተቋራጩ ውል ሲፈርም የቅድመ ክፍያ ዋስትና አስይዞ ገንዘብ ይወስዳል፤ ከየሰርተፊኬቱ እየተቀነሰ ይመለሳል። ፕሮጀክቱ ሲጓተት ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን ይደርሳል። ያንን ቀን የሚከታተል ሰው ከሌለ ዋስትናው ይሞታል፣ ተቋራጩ ጥሎ ቢሄድ መንግሥት የሚይዘው የለም። እንዲህ ያለ ፋይል በእጄ አልፏል። የፋይናንስ ክፍሉ የውል ክፍሉ ይከታተላል ብሎ፣ የውል ክፍሉ ፋይናንስ ይከታተላል ብሎ፣ ቀኑ አለፈ። ቡድን መሪ ከሆንሽ በመጀመሪያው ሳምንት የምትሠሪው የዋስትናዎችን ዝርዝር ከነማብቂያ ቀናቸው በአንድ ሠንጠረዥ ማውጣት ይሁን።

የወሰን ማስከበር ካሳም፣ ማለት መንገዱ ለሚያልፍበት መሬት የሚከፈለው፣ እንዲሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ገበሬው ከመሬቱ ከመነሣቱ በፊት ካሳው መከፈል አለበት። የካሳ በጀት ሳይያዝ ውል ከተፈረመ ተቋራጩ ሳይት ላይ መጥቶ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ለተቀመጠበትም ይጠይቃል።

ሀብትሽንም አስመዝግቢ። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 አንቺን እንደ ሸክም አይሰማሽ፤ ስምሽ ሲነሣ የሚከላከልልሽ እሱ ነው።

ከፖቶማክ ማዶ
ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 12፡30

ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው፤ በአካባቢ መስተዳድር የትራንስፖርት በጀት ክፍል እሠራለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የአባባ አለምገናን ጽሑፍ ሳነብ የተገረምኩት ችግሩ እዚህም ያው መሆኑ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1956 የአውራ ጎዳና ፈንድ ሲያቋቁም ገንዘቡ ከነዳጅ እንዲቆረጥ አደረገ። የቤንዚኑ ታክስ ዛሬም በጋሎን 18.4 ሳንቲም ነው፤ ከ1993 ወዲህ አልተነካም። በሳንቲም የተቆረጠ ስለሆነ ዋጋ ሲንር ገንዘቡ ይሟሟል፤ መኪኖችም ነዳጅ ቆጣቢ እየሆኑ መጡ። ከ2008 ጀምሮ ምክር ቤቱ ፈንዱን የሚያቆመው ከጠቅላላ በጀት እያዛወረ ነው። የእኛ አገሩም የመንገድ ፈንድ ተቆራጭ በሊትር ከ10 ሳንቲም በታች ሆኖ ለረጅም ዓመት መቆየቱን አውቃለሁ፤ ያኔ የነበረው ብርና የዛሬው ብር አንድ አይደሉም።

ቨርጂኒያ ግን በ2020 ባወጣችው ሕግ የራሷን የነዳጅ ታክስ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲስተካከል አድርጋለች። የዋሽንግተን ሜትሮ ባቡርም ለዓመታት በየበጀት ወቅቱ ሦስት መስተዳድሮችን ሲለምን ኖሮ፣ በ2018 ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ቋሚ የካፒታል ገንዘብ ለመስጠት ተስማሙ። እንዲህ ያለ ሕግ ከመውጣቱ በፊት «ታክሱ ባይነካ በአሥር ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ጉድለት ይመጣል» ብሎ ሠንጠረዥ የሚሠራ የበጀት ባለሙያ አለ። ስሙ ዜና ላይ አይወጣም። ሕግ አውጪው ግን የሚከራከረው በእሱ ቁጥር ነው።

አንቺም የመሥሪያ ቤትሽን የጥገና ገቢ ካለፉት ዓመታት ጀምረሽ በዋጋ ንረት እያስተካከልሽ አንድ ገጽ ላይ አስቀምጪው። ማንም ባይጠይቅሽም።

ጠጠርና ሬንጅ
ኅዳር 11፣ ከቀኑ 6፡15

በዚያ ገጽ ላይ ጭነቱንም ጨምሪበት። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በኢሊኖይ ሜዳ ላይ መኪና እያመላለሱ ባደረጉት ሙከራ መንገድ የሚጎዳው በአክስሉ (ጎማዎቹን በያዘው ዘንግ) ላይ በሚያርፈው ክብደት በግምት በአራተኛ ኃይል መሆኑን አገኙ። አክስሉ ከልኩ 20 በመቶ ብቻ ቢበልጥ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ሚዛን ጣቢያ ላይ የሚሰበሰበው ቅጣት ከዚህ ጉዳት ጋር ይመጣጠናል ወይ ብሎ ማስላት የመሐንዲስ ብቻ ሥራ አይደለም።

ከለቡ
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1፡45

ሁላችሁም መንገድ መንገድ አላችሁ፣ የባቡሩን እኔ ልጨምር። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ነበር፤ ትኬቱ ግን ያኔ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። የጅቡቲው ባቡር በ2009 ተመረቀ። የሁለቱም ዋና ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ገቢው በአብዛኛው በብር፣ ዕዳው በዶላር። የጅቡቲው መስመር ብድር እ.ኤ.አ. በ2018 ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት የተደረሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በብር የሚታሰበው ዕዳ ማንም ሳይበደር አደገ።

ይህን የምለው ትኬቱ ይወደድ ለማለት አይደለም፤ ጠዋት በባቡሩ የሚሄደው ሠራተኛ አማራጭ የለውም። በውል ድርድር ወቅት ጠረጴዛው ላይ ምንዛሬ፣ የእፎይታ ጊዜና የገቢ ትንበያ የሚያነብ የፋይናንስ ሰው መኖር አለበት እያልኩ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከውጭ አይመጣም። ከሥር ክፍያ እየሠራ፣ ውል እያነበበ ያደገ መሆን አለበት።

አራት አበዳሪ
ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 2፡30

በውጭ ብድር የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ላይ ቆይቻለሁና የሙያ ዕድገቱ ወዴት እንደሚወስድ በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። የሞጆ ሐዋሳ ፈጣን መንገድ ለተጓዥ አንድ መንገድ ነው። ለፋይናንስ ሰው ግን አራት ነው፦ ሞጆ መቂ በአፍሪካ ልማት ባንክ፣ መቂ ዝዋይ በኮሪያ ኤግዚም ባንክ፣ ዝዋይ አርሲ ነገሌ በዓለም ባንክ፣ አርሲ ነገሌ ሐዋሳ በቻይና ኤግዚም ባንክ። አራት የግዥ ደንብ፣ አራት የገንዘብ ማውጫ ሥርዓት፣ አራት ዓይነት ሪፖርት። አንዱ ያለ ኖ ኦብጀክሽን («ተቃውሞ የለኝም» የሚል የአበዳሪው ፈቃድ) አንዲት እርምጃ አያራምድሽም፤ ሌላው ገንዘቡን በቀጥታ ለተቋራጩ ይልካል። የመንግሥት ድርሻ የሆነው ደግሞ ካሳውና ታክሱ ነው፤ ብድሩ ተዘጋጅቶ እያለ እሱ ሲዘገይ ሁሉም ይቆማል።

ይህን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ከሰማይ አልወረዱም። የሐምሌ ሒሳብ ሲዘጉ የኖሩ፣ ዊዝድሮዋል አፕሊኬሽን (ከብድሩ ገንዘብ የማውጫ ማመልከቻ) ሲጽፉ እንግሊዝኛቸውን ያሻሻሉ፣ ኤሲሲኤ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሙያ ትምህርት ማታ ማታ የተማሩ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ዛሬ የተወሰኑት የክፍያ መንገዶችን ሒሳብ ይመራሉ፤ ከአዲስ አበባ አዳማው 84.7 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ያ ዘርፍ ራሱን የቻለ ሆኗል። ሌሎቹ በአበዳሪ ተቋማት ተቀጥረዋል፤ ደመወዙ እዚያም አለ። ግን ማንም «የመንገድ ውል አውቃለሁ» የሚል ማስረጃ በእጁ ሳይኖር አልሄደም።

ጥቁር እንግዳ
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 2፡00

ሁላችሁም ጥሩ ተናግራችኋል፤ አንዱን ግን አላነሣችሁም። ኃላፊው «ይህችን ዛሬ ክፈይ» ሲላት ምን ታድርግ? ሰነዱ ሳይሟላ? እኔ መንግሥት ቤት ጥዬ የወጣሁት በዚህ ነው። አልፈርምም ያልኩ ቀን ከቦታዬ ተነሣሁ፤ የተከራከረልኝም አልነበረም። እህታችንን «ቆይ» ስትሏት ይህንንም ንገሯት።

አለምገና
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3፡25

ልጄ፣ ያልከው እውነት ነው፤ በደረሰብህም አዝናለሁ። እኔም ሦስት መንግሥት ባይሆን ሁለት አይቻለሁና ያለፍኩበትን ልናገር። በቃል የመጣ ትእዛዝ በቃል አይመለስም። «ይህ ይህ ይጎድላል፣ ሲሟላ እከፍላለሁ» ብዬ በማስታወሻ እጽፍና ግልባጩን ፋይል አደርጋለሁ። ኃላፊው ኃላፊነቱን ወስዶ በጽሑፍ ካዘዘ ጽሑፉ ይቀመጣል፤ ብዙዎቹ ግን ጻፍ ሲባሉ ይተዉታል። ሁልጊዜ አይሠራም፤ አንድ ጊዜ ወደ ሩቅ ዲስትሪክት ተዛውሬአለሁ። እዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቀኝ፦ ለብዙ ጊዜ ያልታረቀ የባንክ ሒሳብ። እሱን አስተካክዬ ስጨርስ መልሰው ጠሩኝ።

ለእሷ የምለው ብቻዋን አትቁም ነው። ኦዲተሩን፣ የሕግ ክፍሉን፣ የግዥ ክፍሉን ሰዎች ከአሁኑ ትወቃቸው። ሰነድ የጎደለውን ክፍያ ሦስት ሰው አልፈርምም ካለ፣ አንዷን ማንሣት ምንም አያመጣም።

የሰኔ ሒሳብ
ኅዳር 14፣ ከቀኑ 10፡10

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሽ ጥቁር እንግዳን። የደረሰብህን ሳትደብቅ በመንገርህ እንዴት እንደምዘጋጅ አወቅኩ። ድርጅቱን @ከዚያኛው ወገን እንዳለኝ ጠይቄያቸዋለሁ፤ «ለምን ታዲያ አንቺን እንቀጥራለን?» ነበር መልሳቸው። ለኃላፊዬም በጽሑፍ አሳውቄያለሁ። ለቡድን መሪነቱ ማመልከቻዬን ትናንት አስገባሁ።

ፈተናው ላይ የቀጣዩን ስድስት ወር የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ዕቅድ አዘጋጁ የሚል ጥያቄ እንደሚኖር ሰምቻለሁ። @ጠጠርና ሬንጅ፣ ከየት ልጀምር? እኔ ያለኝ የበጀት ሠንጠረዥና ያለፈው ዓመት ወጪ ነው።

ጠጠርና ሬንጅ
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 1፡00

ካለፈው ዓመት ወጪ አትጀምሪ፤ ያለፈው ዓመት ወጪ የሚያሳየው ገንዘብ መቼ እንደተገኘ እንጂ ሥራ መቼ እንደተሠራ አይደለም። የእያንዳንዱን ፕሮጀክት የሥራ መርሐ ግብር ከአማካሪው ለምኚ። ከኅዳር እስከ ግንቦት በየወሩ የሚሠራውን መጠን በውሉ ዋጋ አባዢው፤ የሚቀነሰውን የቅድመ ክፍያ ተመላሽና ሥራው በትክክል እስኪያልቅ ከክፍያው ተይዞ የሚቆየውን ሪቴንሽን አውጪ፤ የዋጋ ማስተካከያ ካለ ጨምሪ። ሥራው በተሠራ ወርና ሰርተፊኬቱ አንቺ ጋ በሚደርስበት ወር መካከል ልዩነት አለ፤ እኛ ጋ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ነው። የጥር ሥራ የመጋቢት ክፍያ ነው ብለሽ ያዢ። የመደበኛ ጥገናውን ገንዘብ ግን እስከ ሚያዝያ አሟጠሽ መድቢው፣ ለሰኔ አታስተርፊ።

አንድ ፕሮጀክት ሳይት ሄደሽ ማየት ከፈለግሽ መሥሪያ ቤትሽን አስፈቅጂና በውስጥ መልእክት ጻፊልኝ። የምሠራበት መንገድ ከክልላችሁ ዋና ከተማ ሩቅ አይደለም፤ ሰብ ቤዝ እያለበስን ነው፣ ጫማ አድርገሽ ነይ።